ገመዱን ማን አየው?



በዚህ እትም ስለ አንዲት የዛፍ ተመራማሪ ላወጋችሁ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢሆንም ፊልድ ለሚወጣው፣ አዳራሽ ለሚያስጌጠውና ግንባታ ሳይት ላይ ለሚለማመደው ተማሪ ሁሉ የሚሆን ቁም ነገር አለው።

ፕሮፌሰር ናሊኒ ናድካርኒ አሜሪካዊት የሥነ ምህዳር ምሁር ናቸው። የሥራ ቦታቸው የዛፍ አናት ነው። በኮስታሪካው የሞንቴቨርዴ ደመናማ ጫካና በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ዝናባማ ደኖች በገመድ እየወጡ፣ ከመሬት የማይታየውን የቅርንጫፎች ዓለም ከ30 ዓመት በላይ አጥንተዋል። አንዳንድ ዛፎች ከቅርንጫፋቸው ሥር አውጥተው እዚያው አናታቸው ላይ ከተከማቸው አፈር እንደሚመገቡ እ.ኤ.አ. በ1981 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳወቁት እርሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በዋሽንግተን ግዛት፣ በኦሎምፒክ ልሳነ ምድር፣ ለምርምር ዛፍ ላይ ሳሉ ገመዱ ከዳቸው። 15 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደቁ፤ ከአምስት ፎቅ ላይ እንደ መውደቅ ማለት ነው። አከርካሪያቸው፣ ጎድናቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ግን ተረፉ። ከከባድ ሕክምና በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው አንድ ነገር ነው፦ ልምድ ገመድን አይተካም። ይህን ስል እኚህን ሴት ለመውቀስ አይደለም። በዓለም ላይ በዚህ ሙያ ከታወቁት አንዷ ከወደቁ፣ «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለው ቃል ማንንም ከመሬት አያድንም ለማለት ነው። እንዲያውም ጀማሪ ስለሚፈራ ደጋግሞ ያያል። የለመደ ሰው ግን ትናንት ስለያዘው ዛሬም ይይዘዋል ብሎ ያምናል። ገመድ ደግሞ የትናንቱን አያስታውስም፤ ፀሐይ ያደክመዋል፣ በክሮቹ መሐል የገባ አሸዋ ከውስጥ ይበላዋል፣ ኬሚካል ሲነካው ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሞታል።

ለዚህ ነው የሠለጠኑ ዛፍ ወጪዎች ሥራቸውን ከመሬት የሚጀምሩት። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው እየዳበሱ ያያሉ። የሚንጠለጠሉበትን ቅርንጫፍ ከመውጣታቸው በፊት ዝቅ ብለው ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ይፈትኑታል። መጋዝ የሚይዙ ከሆነ በአንድ ገመድ ብቻ አይታመኑም፤ በሁለት ቦታ ይታሰራሉ። ሄልሜት ያደርጋሉ። ከሁሉም በላይ ብቻቸውን አይወጡም፤ ከታች ሆኖ የሚያያቸውና ክፉ ነገር ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ።

ወደ እኛ ግቢ እንምጣ። ለፕሮግራም ባነር ሲሰቀል ወንበር በጠረጴዛ ላይ ደርበን እንወጣለን። የዶርም አምፖል ሲቃጠል ከተደራራቢ አልጋ ጫፍ ላይ ቆመን እንቀይራለን። የሲቪል ተማሪዎች ለልምምድ ወጥተው በባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ ቀበቶ ይቆማሉ። የባዮሎጂና የደን ተማሪ ናሙና ለመሰብሰብ ብቻውን ጫካ ይገባል። «ማን ያዘልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ «ፈሪ» ይባላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ በጀመዓችን ውስጥ በጣም የሚያስፈልገን ሰው ያ «ፈሪ» ነው።

አንዳንዱ «ቀደር ነው፣ የተጻፈ አይቀርም» ይላል። የተጻፈው አይቀርም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ግመሉን ልፍታና ልመካ ወይስ ልሰር ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር ነው ያዘዙት። ሰበብ ማድረስ የተወኩል ተቃራኒ አይደለም። ቀደር ከደረሰው ነገር በኋላ ልብ የሚጽናናበት እንጂ ከመድረሱ በፊት መሰላል ላለመያዝ የሚቀርብ ምክንያት አይደለም። ወንድምህ ባንተ ትእዛዝ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ነፍሱ አማና ናት።

ሌላው «በጀት የለም» ይላል። ለቀበቶና ለሄልሜት በጀት ያስፈልጋል፤ መጠየቅም አለብን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ተማሪና በጎ ፈቃደኛ ከተቀጠረ ሠራተኛ ያነሰ አጥንት የለውም። ነገር ግን መሰላል መያዝ፣ ገመድ ማየት፣ ሁለት ሆኖ መሄድ ስንት ብር ይፈጃል?

ሁለተኛው ትምህርት ከውድቀት በኋላ ያለው ነው። አንድ ሰው ከከፍታ ሲወድቅ እኛ ዘንድ የሚታየው ርኅራኄ ብዙ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። አንዱ በብብቱ፣ ሌላው በእግሩ ይዞ አንስቶ ባጃጅ ውስጥ ያጥፈዋል። አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ ህብለ ሰረሰሩ የሚጎዳው ያኔ ሊሆን ይችላል። ቦታው ራሱ አደገኛ ካልሆነ በቀር የወደቀውን አታንቀሳቅሱ። ራሱና አንገቱ እንዳይዞር በሁለት እጅ ደግፋችሁ ያዙ፣ መተንፈሱን ተከታተሉ፣ ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ ተጫኑ፣ ብርድ እንዳያገኘው አልብሱት፣ አምቡላንስ ጥሩ። «ደህና ነኝ፣ ልነሣ» ቢልም አትፍቀዱለት። ከጉዞ በፊትም በአቅራቢያ ያለው ጤና ተቋም የት እንደሆነና ስልክ የት ድረስ እንደሚሠራ እወቁ።

ሦስተኛው ማገገም ነው። ፕሮፌሰሯ ቀድሞ በሞንቴቨርዴ ባደረጉት ጥናት በቅርንጫፍ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅሉትን ጥቃቅን ተክሎች ገፍፈው፣ መልሰው እስኪበቅሉ ጠብቀው ነበር። ከ20 ዓመት በላይ እንደሚፈጅ አዩ። ከወደቁ በኋላ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ወደ ሰው አካል አመጡት፤ የተጎዳ ነገር እንደ ድሮው ሆኖ ላይመለስ ይችላል፣ ከድሮውም ከጉዳቱም የተለየ ሌላ ዓይነት ኑሮ ይይዛል የሚል ሐሳብ ያካፍላሉ።

ይህን ከእኛ ጥየቃ ጋር አስተያዩት። አንድ ተማሪ ሲጎዳ የመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ በጁስና በብስኩት ይሞላል። በሁለተኛው ወር ማንም የለም። እርሱ ግን በክራንች ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው፣ ያመለጠውን ላብ የሚያስበው፣ ዊዝድሮዋል ልሙላ አልሙላ ብሎ የሚጨነቀው ያን ጊዜ ነው። ጠያቂ የሚፈለገው በሁለተኛው ወር ነው። ኖት የሚያደርስ፣ ምድር ቤት ዶርም እንዲሰጠው ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር፣ «እስካሁን አልዳንክም?» ብሎ የማይጠይቅ ጓደኛ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አመራር ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚሠራ ማንኛውም የማኅበሩ ሥራ ያለ ትክክለኛ መሰላልና መሰላሉን ከሚይዝ ሰው አይጀመር፤ ከሌለ ባነሩ ዝቅ ብሎ ይሰቀል። ሁለተኛ፣ የጤና ተማሪዎቻችን ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የወደቀን ሰው ስለ መርዳት አንድ ከሰዓት ያሠልጥኑን። ሦስተኛ፣ ለተጎዳ ተማሪ በስሙ የሚመደብ፣ እስኪያገግም የሚከታተለው አንድ ሰው ይኑር።

ከዲፓርትመንት ለፊልድ የምትወጡ ደግሞ ማንም ባያዛችሁ ጥንድ ጥንድ ሁኑ። ከመውጣታችሁም በፊት እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦ ገመዱን ማን አየው?

አላህ ሁላችንንም ይጠብቀን፤ ለታመሙት ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።