«ከተማ የሌለው ሰው አይናገር!»

በስደት የሚኖር ሰው ይህችን ንግግር በአንድ ወይም በሌላ መልኩ ሳይሰማት አልቀረም። «ከአገር ከወጣህ ምን አገባህ?» ይሉናል። ንግግሯ ግን አዲስ አይደለችም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት፣ በሳላሚስ ደሴት በተደረገ የግሪክ የጦር አለቆች ምክር ላይ፣ የቆሮንቶሱ አዛዥ አዴማንቶስ በአቴናዊው በቴሚስቶክሊስ ላይ እንደ ሰነዘራት ሄሮዶቱስ ጽፎልናል።

የፋርሱ ንጉሠ ነገሥት ዜርክሲስ በየብስም በባሕርም ዘምቶ አቴናን ይዟል፤ አምባዋን አክሮፖሊስን ከነቤተ መቅደሶቿ አቃጥሏል። ሕዝቧ ወደ ሳላሚስ፣ ወደ ኤጊናና ወደ ትሮይዜን ተሰዷል። ቴሚስቶክሊስ «ከዚህ ጠባብ ባሕር ሳንወጣ እንዋጋ» ብሎ ቢሟገት፣ ከተማው የጠፋበት ሰው ድምፅ የለውም ተባለ። እርሱም፣ ሰው የሞላባቸው 200 መርከቦች እስካሉን ድረስ ከተማም አገርም አለን ሲል መለሰ።

ይህ መልስ ከፉከራ የሚለየው ቀድሞ በተሠራ ሥራ ነው። ከጦርነቱ 3 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በላውሪዮን ብዙ የብር ማዕድን በተገኘ ጊዜ፣ ለያንዳንዱ ዜጋ 10 ድራክማ ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቴሚስቶክሊስ ግን ሀብቱ ለመርከብ ሥራ እንዲውል አሳመነ። ሕዝቡ የዛሬውን ጉርሻ ትቶ የነገውን ጋሻ መረጠ። ማዕድኑን የቆፈሩት ባሪያዎች እንደ ነበሩም አንርሳ፤ የአቴና ነፃነት ለሁሉም አልነበረም።

ያም ሆኖ አንድ የጦር መርከብ 170 ቀዛፊዎች ይፈልግ ነበር። ጋሻና ጥሩር የመግዛት አቅም ያልነበረው ድኻ ዜጋ ከመቅዘፊያው ተቀመጠ። አገር በክንዱ ስለ ዳነች ኋላ በሕዝብ ጉባዔ ተሰሚነቱ ከፍ አለ።

ሁለተኛው ምሥጢር «አንተ ትብስ፣ አንተ ትብስ» መባባል ነው። አቴና ከመርከቦቹ ግማሽ ያህሉን አቅርባ ሳለ፣ ኅብረቱ እንዳይፈርስ ስትል የበላይ አዛዥነቱን ለስፓርታው ለኤውሪቢያዲስ ለቀቀች። የቴሚስቶክሊስ ባላንጣ አሪስቲዲስም ስሙ በገል ላይ ተጽፎ በሕዝብ ድምፅ ከከተማዋ የተባረረ ሰው ነበር። በውጊያው ዋዜማ ሌሊት የጠላትን መርከቦች አልፎ መጣና፣ ከእንግዲህ ፉክክራችን ለአገር የበለጠ በመሥራት ይሁን ብሎ፣ መከበባቸውን ለባላንጣው ነገረው። በማግስቱ ዜርክሲስ ከኮረብታ ላይ ተቀምጦ እያየ፣ ብዛቱ የሚያስፈራው የመርከብ ኃይሉ በጠባቡ ባሕር እርስ በርሱ ተጨናንቆ ድል ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ባማረ ነበር። ዳሩ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቴሚስቶክሊስን የገዛ ወገኖቹ አባረሩት፤ የአገር ክህደት ክስም ሲከተለው ሸሽቶ ከዜርክሲስ ልጅ ከአርጤክስስ ዘንድ ተጠጋ። የሳላሚሱ ጀግና በፋርስ ንጉሥ እንጀራ አደረ፤ እዚያው ሞተ። በጠላት ላይ መተባበር ብቻውን ለሰላም ቀን ስንቅ አይሆንም ማለት ነው። ከድል በኋላ እንዴት አብረን እንደምንኖር ካልተማከርን፣ የትናንቱ አዳኝ የነገው ስደተኛ ይሆናል።

እኔ በስደት ዓመታቴ ስብሰባ በዓላማ ልዩነት ሳይሆን በሊቀ መንበርነት ሽሚያ ሲፈርስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ «ምን አገባህ?» በተባልን ቁጥር ከመቆጣታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። መርከቦቻችን የታሉ? ሐቀኛ ጋዜጣ፣ ሒሳቡ የተመረመረ ማኅበር፣ ወንበሩን ለመልቀቅ የማይሰስት መሪ፤ የእኛ መርከቦች እነዚህ ናቸው። እነርሱ ካሉን አገር አለን፤ ከሌሉን ግን ለአዴማንቶስ የምንመልሰው ቃል የለንም።

ቸር ይግጠመን።