ማማው ቆሟል፤ ተናጋሪው ማን ነው?

«ስልክ የያዘ ሁሉ ድምፅ አለው» የሚለው አባባል ከአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች ተነሥቶ ባሮ ወንዝ ዳርቻ ድረስ ደርሷል። ካድሬው የንግግሩ መክፈቻ ያደርገዋል፤ መምህሩ ይደግመዋል፤ ከያኒው ደግሞ ሰው ሁሉ ራሱን ተናጋሪ ካደረገ ለኪነት ምን ቀራት ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥበታል። እርግጥ ነው፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የስልክ ማማ ቆሟል፤ ወጣቱም ማንጎ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ይህን አይቶ ሕዝቡ አፍ አወጣ ማለት ግን ጆሮን ከአፍ ማምታታት ነው።

ቴክኖሎጂ ወደ ባሮ የመጣው ዛሬ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በክረምቱ ሙላት እስከ ጋምቤላ እየወጡ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ይጭኑ ጀመር። ለዘመኑ ይህ ታላቅ መገናኛ ነበር። ዳሩ ግን ያው ውል ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሎ ድንበር ሲያሰምር አኝዋኩንም ኑዌሩንም ለሁለት ከፍሎ አለፈ። ሁለቱም ሕዝቦች የተከፈሉበትን ወረቀት በራሳቸው ቋንቋ አላነበቡትም። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስለ ወንዙ ሰው ሌላ ሰው የመናገሩ ልማድ ግን ከመርከቦቹ ጋር አብሮ አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ ለተሠራው መልካም ሥራ ዋጋ መንፈግ አይገባም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እያስተማረ ሚሊዮኖችን ከመሃይምነት አውጥቷል፤ በዓለም አቀፍ መድረክም ተሸልሟል። ከ15ቱ ውስጥ ግን አኝዋክኛም ኑዌርኛም አልነበሩም። ቋንቋዎቹ የተመረጡት በተናጋሪዎቻቸው ብዛት ነው ይባላል፤ ስሌቱም ለዕቅድ አውጪው ምክንያታዊ ነው። በሰው ቋንቋ ፊደል ለሚቆጥር የባሮ አዛውንት ግን እንዲህ ያለው ስሌት ምን ይፈይድለታል?

በ1997 ዓ.ም. ተራው የፕላዝማ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት፣ በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይለቀቅ ጀመር። ያን ዘመን ያሳለፈ መምህር ያስታውሰዋል። ክፍለ ጊዜውን በጥቂት ቃላት ከፍቶ ቦታውን ለመስኮቱ ይለቅና ጥግ ይይዛል፤ መስኮቱ ይናገራል፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ መስኮቱ አያየውም፤ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል። ቤቱ በኑዌርኛ የሚከራከር፣ ገበያ ወጥቶ በአማርኛ የሚገበያይ ልጅ፣ ክፍል ሲገባ በእንግሊዝኛ ዝም ይል ነበር። (ያን መሣሪያ ለማድነቅ የወጣው ቀለም ብዙ ነው፤ ተማሪውን ለመጠየቅ የወጣው ግን ጥቂት።)

አሁን ደግሞ ስልኩ አለ። ስልኩ ከመስኮቱ ይሻላል፤ መልስ ይቀበላል። የሚቀበለው ግን በማን ቋንቋ ነው? የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕግ አውጪዎች በሰጠችው ምስክርነት ኢትዮጵያን በስም ጠርታ፣ ኩባንያው አደገኛ መልእክቶችን የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ከአገሪቱ ቋንቋዎች ሁለቱን ብቻ እንደሚደግፍ ገልጻለች። ኩባንያው በበኩሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ እሠራለሁ ሲል መልሷል። በ15ቱ ዝርዝር ያልገባው የባሮ ሰው በዚህኛውም ዝርዝር ስሙ አልተጠራም። በ2015 ዓ.ም. በኢታንግ ልዩ ወረዳ በአኝዋክና በኑዌር መካከል ደም ሲፈስ፣ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚነዛን የጥላቻ ቃል ከሩቅ ሆኖ የሚያጣራ ጠባቂ ይኖራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነበር። ለክፉ ቃል ማማው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ያን ቃል የሚገታ በዚያው ቋንቋ የተደረሰ ቴአትር፣ በዚያው ቋንቋ የተገጠመ ዘፈን ግን በሚገባው መጠን አልተዘጋጀም።

የ2008 ዓ.ም. ነገር በተለይ መታወስ አለበት። በዚያ ዓመት ኅዳር 10ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ጋምቤላ ላይ ተከበረ፤ ካሜራው ጭፈራውን ለማንሳት መጣ። ከወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች የኑዌር መንደሮችን ወርረው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ። ያኔ ካሜራው ቁጥር ሊቆጥር መጣ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሐዘኑ አለቀ፤ ካሜራው ተመለሰ። በኅዳር እግራቸው ታየ፤ በሚያዝያ ቁጥራቸው ተነገረ። ልጇ የተወሰደባት እናት በቋንቋዋ ያወረደችውን ሙሾ በአማርኛ ሰምቶ፣ ተርጉሞ፣ መድረክ ላይ ያቆመ ጸሐፌ ተውኔት ማን ነው?

«ቋንቋዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ገበያ የላቸውም» የሚሉ አሉ። ኑዌርኛ ከድንበሩ ማዶ በሰፊው የሚነገር ቋንቋ ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም ከ300 ሺህ የሚበልጡ ደቡብ ሱዳናውያን በክልሉ ተጠልለዋል፤ አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። የጠፋው አድማጭ አይደለም። ገጣሚም አልጠፋም። የኑዌር ጎረምሳ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በሬ ይሰጠዋል፤ በበሬው ስም ይጠራል፤ ለበሬው ግጥም ይገጥማል፤ እያንዳንዱም ዘፈን የራሱ ባለቤት አለው። የአኝዋክ ዘፋኝ ቶም የተባለውን በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ ይዞ የሰፈሩን ወሬ ያዜማል። ከአዲስ አበባ የሚሄደው የቀረጻ ቡድን ግን ወንዙንና ጭፈራውን ለክሊፑ ማድመቂያ ወስዶ፣ የገጣሚውን ስም ባሮ ዳር ጥሎት ይመለሳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የከያኒን መብት ያውቃል፤ አዋጁን ባሮ ዳር ወርዶ ለቶም መቺው ያነበበለት ሰው ግን ብርቅ ነው።

በክልሉ በአኝዋክኛና በኑዌርኛ ሬዲዮ ይሰማል፤ ቋንቋዎቹም በትምህርት ቤት ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የተዘጋጀን ዜና ተርጉሞ ማንበብ ብቻውን የሕዝብ ንግግር አይሆንም። የኪነት ማኅበራት ለሦስት ቀን ጉብኝት የሚልኩትን ቡድን ትተው አንድ ጸሐፌ ተውኔት ለአንድ ክረምት ኢታንግ ያስቀምጡ፤ መቅረጫውንም ከአካባቢው መምህራንና ዘፋኞች እጅ ያድርጉት፤ ለተቀረጸው ዘፈን ሁሉ የባለቤቱ ስም ይጻፍ፣ ክፍያውም ይድረሰው። ለዚህ በጀት የለም የሚሉ ኃላፊዎች ካሉ፣ ለኅዳሩ መድረክ የተገኘው በጀት ከየት እንደመጣ ያስረዱ።