ፎቶ ማንሣት ማንበብ አይደለም

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። ነገር ግን የተጻፈውን ፈልጎ የሚያገኘው ከጠፋ ምኑ ይወረሳል? ይህን ጥያቄ ለሠልጣኞችና ለመምህራኖቻችን እንዳቀርብ ያነሣሣኝ የአይሁድ ስደተኞች የእርዳታ መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር የመገልበጣቸው ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጭሩ «ጆይንት» የሚባለው የአሜሪካ አይሁዶች የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1914 በኒው ዮርክ ተቋቋመ። የሰጠውን ገንዘብ፣ የላከውን ቴሌግራም፣ የረዳውን ሰው ስም በወረቀት ሲመዘግብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1939 «ሴንት ሉዊስ» የተባለችው መርከብ 937 መንገደኞች ይዛ ከሐምቡርግ ወደ ኩባ ሄደች። አብዛኞቹ ከናዚ የሸሹ አይሁዶች ነበሩ። ኩባ ከጥቂቶቹ በቀር አላስወርድም አለች፤ አሜሪካም በሯን ዘጋች። ጆይንት ተሯሩጦ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጂግና ሆላንድ እንዲካፈሏቸው አደረገ። ቢሆንም ከተመለሱት ውስጥ 254ቱ በኋላ በናዚዎች እጅ አለቁ። እንዲህ ላለው ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ የሰፈረ ስሙ ለልጅ ልጁ የቀረ ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ከእነዚህ መዝገቦች ብዙዎቹ ተገልብጠው፣ ማንም ሰው እቤቱ ተቀምጦ የዘመዱን ስም ሊፈልግባቸው ይችላል። ታዲያ አንዳንዱ «ማሽኑ ፎቶ ካነሣው ሥራው አለቀ አይደል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን አላለቀም ባይ ነኝ። ስሙን አንድ ሰው አንብቦ እስኪያሰፍረው ድረስ ፎቶው የተቆለፈ ሣጥን ነው። ያውም ቀለሙ የደበዘዘ፣ በካርቦን የተባዛ ወረቀት ነው። «ሽቫርትስ» የሚለው አንድ ስም እንኳ በጀርመን፣ በፖላንድና በእንግሊዝ አጻጻፍ ሦስት መልክ አለው። አንዷ ፊደል ከተሳሳተች ሰውየው ከመዝገቡ ውስጥ ሆኖ ጠፋ ማለት ነው።

«ይኼ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ተጓጉዘዋል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሲጠባበቁ ጆይንት ሕክምና ይሰጣቸው ነበር። የእነሱን ስም በባዕድ ፊደል መጻፍ እንዴት እንደሚያስቸግር እኛ እናውቃለን። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚቆጥር ጸሐፊ እጅ ሲገባ አባትና ልጅ ባዕዳን መስለው ይመዘገባሉ። በራሳችን ፊደልስ ቢሆን «ፀሐይ»ን ስንት ዓይነት አድርገን እንጽፍ የለ?

በርግጥ ጥንቃቄ ያሻል። የሰው ሕመምና ችግር የተጻፈበት ወረቀት፣ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ለማንም መከፈት የለበትም። ፎቶ ተነሣ ተብሎም ዋናው ወረቀት አይጣልም።

እንግዲህ የመዝገብ ነገር የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም፤ አስተውሎ የሚያነብና አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ሥራ ነው። ይኼ ደግሞ የመምህር ሙያ ነው። ነገ ተመድበን ስንሄድ የምንይዘው የተማሪዎች ስም መጥሪያም መዝገብ ነው። የልጁን ስም «ያው ነው» ብለን በግምት አንጻፍ፤ እሱኑ ጠይቀን፣ ከነአባቱና ከነአያቱ እናስፍረው። ከስንት ዓመት በኋላ ማን እንደሚፈልገው አይታወቅምና!