በደሃ ደንብ ስለሚቀርብ ክስ፦ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌላቸው ባለጉዳዮች የሚስተናገዱበት አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 215 ደግሞ ተገቢው የዳኝነት ክፍያ ካልተከፈለ ለክስ መዝገብ እንደማይከፈትለት ይናገራል። በሁለቱ ድንጋጌዎች መካከል ያለው ርቀት ገንዘብ ለያዘ ሰው ከሬጅስትራሩ መስኮት እስከ ገንዘብ ያዡ መስኮት ያለችው እርምጃ ብቻ ናት፤ ለሌለው ግን ዓመት የሚፈጅ መንገድ ሊሆን ይችላል። ይህን ርቀት በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ራሱ አስቀድሞ አይቶታል፤ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎቹም መክፈል የማይችል ሰው ሳይከፍል እንዲከስ ፈቅዷል። በችሎት ቋንቋ «በደሃ ደንብ መክሰስ» የሚባለው ይኸው ነው። ይህ ደብዳቤ አዲስ መብት አይለምንም፤ የተጻፈው መብት ስለሚተረጎምበት አሠራር ነው የሚናገረው።

የዳኝነት ክፍያ ማለት ከሳሹ መዝገብ ሲያስከፍት ለመንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በቆየው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 177/1945 መሠረት መጠኑ ሲሰላ የኖረው በክሱ ከተጠየቀው ገንዘብ ወይም ከንብረቱ ግምት ተነሥቶ ነው። በደሃ ደንብ ለመክሰስ የሚፈልግ ሰው ክሱን ካዘጋጀ በኋላ የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቱን ከነግምቱ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም አመልካቹን ጠይቆ፣ ማስረጃውን መርምሮ፣ ተከሳሹ የሚቃወም ከሆነም ሰምቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሕጉ ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍያውን «በሙሉ ወይም በከፊል» መክፈል ለማይችል ሰው እንጂ ምንም ነገር ለሌለው ሰው ብቻ አይደለም። ይህች «በከፊል» የምትለው ቃል ከሕጉ ገጽ ወጥታ ወደ ችሎት የምትደርሰው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ብዙ ሰው የደሃ ደንብን እንደ ምጽዋት ይቆጥረዋል፤ በዚህ ግምትም ሬጅስትራሩ ይቆጠባል፣ ባለጉዳዩም ያፍራል። ድንጋጌዎቹ ሲነበቡ ግን ነገሩ ዱቤ መሆኑ ይታያል። ከሳሹ ከረታ ሳይከፈል የቆየው የዳኝነት ገንዘብ ተሰልቶ ከተረታው ወገን ይሰበሰባል፤ ከሳሹ ራሱ ከተረታም እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል፤ በክርክሩ መካከል አቅም ማግኘቱ ከተረጋገጠም ፈቃዱ ይነሣል። እንግዲህ መንግሥት የሚያጣው ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። ክፍያን እስከ ፍርድ ማቆየት ለአገሩ ሰው እንግዳ ሥርዓት እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል፤ በቀድሞው ሙግት ተሟጋቾች በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፣ ውርርዱም የሚወጣው ዳኛው ከፈረደ በኋላ ከተረታው ቤት ነበር። አስቀድሞ ከፍሎ መግባት የመጣው ከዘመናዊው ሥርዓት ጋር ነው።

አሁን ባለው ልማድ አቅም ማጣትን የሚያስረዳው ዋናው ሰነድ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ የሚመጣው የድህነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ከአራት መስመር አይበልጥም፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ «ደሃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የምትል ዐረፍተ ነገር፣ ከሥሩም ክብ ማኅተም። ይህን ለማግኘት ግን የታደሰ መታወቂያ፣ የጎረቤት ምስክሮችና ማኅተም የያዘው ሰው ቢሮ መገኘት ያስፈልጋል፤ በኪራይ ቤት የሚኖርና ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ሰው ደግሞ የሚያውቀው ቀበሌ የለውም። ከጎጃም ወይም ከወሎ መጥታ በሰው ቤት ስትሠራ ደመወዟ ያልተከፈላት የቤት ሠራተኛ የማን ነዋሪ ናት? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ስለሚያስወጣ ጉዳይዋ በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ነው፤ መታወቂያዋ የተሰጠው በትውልድ ወረዳዋ ሲሆን፣ የምትሠራበት ሰፈር ቀበሌ የመዘገባት እንደሆነም አሠሪዋ በራሱ ቤት ቁጥር ያስመዘገባት ናት። ስለ ድህነቷ እንዲመሰክርላት የሚጠየቀው ጎረቤት የአሠሪዋ ዕድርተኛ ነው።

ከዚህም የሚከብደው የንብረት ዝርዝሩ ነው። በአንድ የጡረታ አበል የምትኖር ባልቴት የባሏ ወንድሞች የያዙባትን ቤት ለማስለቀቅ ትከሳለች እንበል። የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በቤቱ ግምት ስለሆነ የተወሰደባት ነገር ዋጋው በጨመረ ቁጥር የምትጠየቀው ገንዘብም ይጨምራል። በደሃ ደንብ ስታመለክት ደግሞ ያንኑ ቤት በንብረት ዝርዝሯ ላይ ልታሰፍረው ይገባ እንደሆነ የሚነግራት የለም፤ ብታሰፍረው ባለ ቤት ናት ተብሎ ማመልከቻዋ ሊወድቅ፣ ባታሰፍረው ንብረት ደበቀች ሊባል ይችላል። አንድ ቤት ክፍያ ሲሰላ «ገና ያልተገኘ»፣ አቅም ሲመዘን ግን «በእጅ ያለ» ተደርጎ የሚቆጠርበት ምክንያት የለም። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ ነገር የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1908 ከወጣው የሕንድ ሕግ ሲሆን፣ በዚያ ሕግ የክርክሩ መነሻ የሆነው ንብረት ከአቅም ምዘና ውጭ ነው፤ በእኛም አገር በግልጽ እንዲህ ይባል ዘንድ መጠየቅ ከሕጉ መንፈስ መራቅ አይሆንም።

በማስረጃ ረገድ ፍርድ ቤቱ ከባዶ እንዲጀምር የሚያስገድደው ነገር አይታይም። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሥርዓት መዋጮ መክፈል የማይችሉ አባወራዎች በየቀበሌው ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ በሴፍቲኔት መርሐ ግብር የታቀፉ ቤተሰቦችም እንዲሁ ተጣርተው የተመዘገቡ ናቸው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መርምሮ «አይችልም» ያለውን ሰው ሌላው መሥሪያ ቤት እንደገና «ድህነትህን አስረዳ» ማለቱ ሰውየውን ከማመላለስ ሌላ ጥቅም የለውም። በየትኛውም መዝገብ ውስጥ ላልገባ ሰው ደግሞ ቃለ መሐላ ሊበቃ ይገባል። በአሜሪካ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤቶች 405 ዶላር የሆነውን መዝገብ መክፈቻ መክፈል ያቃተው ሰው ገቢውን፣ ወጪውንና ዕዳውን በቅጽ ሞልቶ፣ ሐሰት ቢናገር በወንጀል እንደሚጠየቅ አውቆ ይፈርማል፤ ሥርዓቱም እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ በሕግ የቆመ ነው። በእኛም ቢሆን ማንኛውም ከሳሽ በክሱ ግርጌ በአንቀጽ 92 መሠረት የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል፣ በዚሁ ፊርማ ላይ ተመሥርቶም የብዙ ሚሊዮን ብር ክርክር ይጀመራል። ስለ ሚሊዮኑ የታመነ ፊርማ ስለ ባዶ ኪስ የማይታመንበት ምክንያት ግራ ያጋባል።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀውም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የቀበሌውን ደብዳቤ ሲጠብቅ ቀኑ ያለፈበት ሰው መክፈል ባለመቻሉ ብቻ ጉዳዩን ያጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻው ሬጅስትራር ዘንድ የገባበት ቀን ክሱ ወይም ይግባኙ እንደቀረበበት ቀን እንዲቆጠር፣ የጎደለ ማስረጃም በኋላ እንዲሟላ ለሁሉም ችሎቶች በአንድ ቃል ሊነገር ይገባል።

ነጻ ጥብቅና መስፋፋቱ ችግሩን ያቃለለው ይመስል ይሆናል። በእርግጥ የጠበቆችን ሥነ ምግባር የወሰነው ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቆች በዓመት 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ያዘዘ ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ለብዙ ሰው ክስ ጽፈዋል። ያለ ክፍያ የተጻፈው ክስ ግን የዳኝነት ክፍያ ሲጠየቅበት እዚያው መስኮት ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በሙሉ የሚሠራ አንድ ወጥ ቅጽ እንዲያዘጋጅ፣ ቅጹም «ደሃ ነኝ» በማለት ፈንታ ገቢና ወጪን ብቻ የሚጠይቅ እንዲሆን፣ በክርክር ላይ ያለ ንብረት ከምዘናው እንዲወጣ፣ ከፊሉን መክፈል የሚችል ሰውም የቻለውን ከፍሎ መዝገቡ እንዲከፈትለት በአክብሮት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ እስኪሟላ ግን ዛሬ ሊደረግ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ በየሬጅስትራሩ መስኮት ላይ የዳኝነት ክፍያው ሰሌዳ በተለጠፈበት ቦታ፣ መክፈል ለማይችል ሰው አንቀጽ 467 እንዳለለት የሚናገር ማስታወቂያ፣ ከሰሌዳው ፊደል ባላነሰ ፊደል ተጽፎ ይለጠፍ።

ግልባጭ፦
ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት
ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት
ለፍትሕ ሚኒስቴር