አበባው ለማን ተቆጠረ?

አንደኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረበት መቶኛ ዓመት በታሰበበት በ2014 እ.ኤ.አ. በለንደን ግንብ ዙሪያ ያለው ደረቅ ቦይ ከሸክላ በተሠሩ ቀይ የፖፒ አበቦች ተሞላ። አበቦቹ የሸክላ ሠሪው የፖል ከሚንስ ሥራ ናቸው፤ አተካከላቸውን የነደፈው ቶም ፓይፐር ነው። ብዛታቸው 888,246 ነበር፤ በጦርነቱ ለሞተ ለእያንዳንዱ የብሪታንያና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደር አንድ አበባ። ሚሊዮኖች ሄደው አዩት፤ ያለቀሱም ብዙ ናቸው። የአልቃሾቹን ሐዘን አልጠራጠርም። የምጠይቀው ስለ ቁጥሩ ነው።

888,246 እስከ መጨረሻዋ ስድስት ድረስ የተቆረጠ ቁጥር ነው። ከየት መጣ? ከመዝገብ። መዝገቡንስ ማን ያዘው? ማንን ጻፈ፣ ማንን ዘለለ?

ምሥራቅ አፍሪካን እናንሳ። እንግሊዞች በዛሬዋ ታንዛኒያ ከጀርመኖች ጋር ሲዋጉ የረባ መንገድ አልነበረም፤ የጋማ ከብቱንም ገንዲ ፈጀው። ጥይቱንና ስንቁን የተሸከመው ሰው ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን፣ ብዙዎቹ ተገደው፣ ለተሸካሚነት ተመለመሉ። በረሃብ፣ በተቅማጥ፣ በወባ አለቁ። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሙታን በስማቸው እንዳልታሰቡ፣ ከነአካቴው ያልታሰቡም እንደሚኖሩ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። አብዛኞቹ ምሥራቅ አፍሪካውያንና ግብፃውያን ናቸው። በሁለቱ ግምቶች መካከል ብቻ 234,000 ሰው አለ። ታዲያ ይህን ያህል ሟቹን በስም የማያውቅ ኢምፓየር አበባውን አንድ ሳያጎድል እንዴት ቆጠረ? ግንቡን የከበበው ቀይ የሙታኑ ልክ ነበር ወይስ የመዝጋቢዎቹ?

ሸክላ እዚህ ላይ ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህም አደገኛ። በእጅ የተሠራ በመሆኑ አንዱ አበባ ከሌላው ይለያል፤ ተመልካቹም እያንዳንዱን እንደ አንድ ሰው ያያል። ግን ይህኛው የማን ነው ቢባል መልስ አለ? ኋላ አበቦቹ በ25 ፓውንድ ተሸጡ። ገንዘቡ ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን ለሚረዱ ድርጅቶች ውሏል፤ ያ መልካም ነው። ገዢው ወደ ቤቱ የወሰደው ግን ምንድን ነው? የአንድ ሟች መታሰቢያ ነው ወይስ የጉብኝት ዕቃ?

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየችን የቦስኒያ ተወላጇ አርቲስት አይዳ ሸሆቪች ናት። በጁላይ 1995 እ.ኤ.አ. በቦስኒያዋ ስሬብሬኒትሳ ለተጨፈጨፉት ወንዶችና ልጆች መታሰቢያ፣ ከቦስኒያ ቤተሰቦች የቡና ሲኒ ሰበሰበች። ከ2006 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ 11 ቀን በተለያየ ከተማ አደባባይ ሲኒዎቹ ተደርድረው፣ መንገደኛው ራሱ ቡና ይቀዳባቸው ነበር፤ የሚጠጣው ግን የለም። ሲኒዎቹ ከዓመት ዓመት እየጨመሩ በ2020 በስሬብሬኒትሳ አቅራቢያ ፖቶቻሪ ላይ ከ8,372 ሙታን ቁጥር ጋር ተስተካከሉ። ቡና ተቀድቶ የሚጠበቅ ሰው ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ልዩነቱ የት ነው? እዚያ ሲኒውን የሰጡት ሐዘንተኞቹ ናቸው፤ ሥራውም ገና ያልገባ ሲኒ እንዳለ እያወቀ ዓመታት ቆየ። የለንደኑ አበቦች ግን ቀስ በቀስ ቢተከሉም ጠቅላላ ቁጥራቸው ከመጀመሪያው የተወሰነ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካዊውን ተሸካሚ ወይም የግብፃዊውን ሟች ቤተሰብ የጠየቀ ነበር?

ከለንደኑ ሥራ የተረፉት ሁለት ክፍሎች ዛሬ በብሪታንያ ኢምፔሪያል የጦር ሙዚየሞች እጅ ናቸው። ከሚንስ ተጨማሪ አበባ ይሥራ አልልም። ከሥራው አጠገብ ግን ይህ ቁጥር እነማንን እንደማይጨምር፣ 116,000ውንም 350,000ውንም ጠቅሶ የሚናገር ጽሑፍ ለማቆም ሙዚየሙን የሚከለክለው ምንድን ነው?