ስለ ምድር መናወጥ ማስጠንቀቂያና ስለ ሹማምንት ተግባር

አገር ለምታስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ለያዛችሁ ባለንብረቶች፤

የምድር መናወጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ እስካሁን በዓለም አልተገኘም። መናወጡ ከተነሣ በኋላ ግን ወሬውን ከመናወጡ አስቀድሞ የሚያደርስ መሣሪያ አለ። የሁለቱን ልዩነት ያልተረዳ ሰው መሣሪያው የማይሰጠውን ነገር ይጠብቃል፤ የሚሰጠውንም ሳይጠቀምበት ይቀራል። ይህ መሣሪያ የሚሰጠው ጊዜ በሰከንድ የሚቈጠር ነው፤ ትእዛዝ ለመጠየቅም ሆነ ትእዛዝ ለመስጠት አይበቃም። ስለዚህ የሹም ትእዛዝ ሁሉ አስቀድሞ ተሰጥቶ መቈየት አለበት እንላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከምድር በታች ያለው አለት በተሰበረ ጊዜ ሁለት ዓይነት ማዕበል ይነሣል። የፊተኛው በአንድ ሰከንድ 6 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጉዳቱ ግን ጥቂት ነው። የኋለኛው በአንድ ሰከንድ ከ3 እስከ 4 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ ግድግዳ የሚጥለው ይኸኛው ነው። በየቦታው የተተከሉት መመዝገቢያዎች የፊተኛው ማዕበል ሲነካቸው ወደ ማእከል ያስታውቃሉ፤ ማእከሉም የመናወጡን ሥፍራና ኀይል በጥቂት ሰከንድ ገምቶ ለሕዝብ ያሰማል። የራዲዮ ወሬ በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ስለሚሄድ፣ በፈረስ የሚጋልብ መልእክተኛ በእግሩ የሚመጣውን ጦር እንደሚቀድም፣ ወሬው ማዕበሉን ይቀድማል።

አሳቡ የቈየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ኩፐር የሚባል ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ላይ፣ ከከተማው ርቆ የሚተከል መሣሪያ በቴሌግራፍ ሽቦ የከተማውን ደወል እንዲያስደውል አሳብ አቅርቦ ነበር። ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚገኘው ከሜክሲኮ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በባሕር ዳርቻ የተነሣው መናወጥ ከ350 ኪሎሜትር በላይ ርቃ ያለችውን ዋና ከተማ አፈረሰ፤ ከተማዪቱ በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ የተሠራች ናትና ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ። ከዚህ በኋላ መመዝገቢያዎች በባሕሩ ዳርቻ ተተከሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1991ም ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያው ዳርቻ ሌላ መናወጥ በተነሣ ጊዜ ማስጠንቀቂያው 72 ሰከንድ ቀድሞ ዋና ከተማው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ግን መናወጡ ከከተማው 120 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ርቆ ተነሣ። በዚያው ቀን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሕዝቡ የመውጣት ልምምድ አድርጎ ነበር፤ ይሁን እንጂ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ለብዙዎች የደረሰው ከመናወጡ ጋር ነው። በአገሪቱ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ጃፓንም ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ለሕዝቧ ሁሉ ታስጠነቅቃለች። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በመጣው ታላቅ መናወጥ ማስጠንቀቂያው የፊተኛው ማዕበል ከታወቀ በኋላ 9 ሰከንድ ሳይሞላ ወጣ፤ የመንገደኛ ፈጣን ባቡሮችም ከሐዲዳቸው ሳይወጡ ቆሙ። ባቡሮቹ የቆሙት ፍሬኑ ራሱ እንዲይዝ አስቀድሞ ስለ ተሰናዳ እንጂ በዚያች ሰዓት የባቡር ሹም ስላዘዘ አይደለም።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መናወጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግሞ ተናውጦ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ፤ መናወጡም እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ከዚያ ሥፍራ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ ወደ 150 ኪሎሜትር ስለ ሆነ፣ ብርቱው ማዕበል ለመድረስ ከ40 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ወሬው ለመሰናዳት 10 ሰከንድ ቢወስድ ለአዲስ አበባ ሰው 30 ሰከንድ ያህል ይተርፈዋል። ለፈንታሌ አርብቶ አደርና ለአዋሽ ዳር ገበሬ ግን ምንም አይተርፈውም። መሣሪያው የሚጠቅመው ርቆ ላለው ነው፤ ቅርብ ያለውን የሚያድነው ቤቱና ልማዱ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ቢተከልም ባይተከልም ሊደረጉ የሚገባቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ አንድ ይሁን፤ ለሌላ ጕዳይም አይዋል። ወሬው በስልክ ወይም በራዲዮ የደረሰው ሰው ደወሉን ለመደወል የማንንም ፈቃድ አይጠብቅ። መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታልና፣ በቅን ልብ የደወለ ሰው መናወጡ ቢቀር አይቀጣ። አንድ ሰው በዚህ ምክንያት የተቀጣ እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚደውል አይገኝም።

ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በትምህርት ቤት፣ በገበያና በአምልኮ ቦታ ልምምድ ይደረግ። በሜዳ ያለ ሰው ከገደል፣ ከግንብና ከኤሌክትሪክ እንጨት ርቆ እንዲቆም፣ በቤት ያለውም በሩ ቅርብ ካልሆነ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ራሱን እንዲሸፍን ይማር። ከብት ወይም ዕቃ ለማውጣት ወደ ቤት የሚመለስ ሰው እንዳይኖር አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በመስኖ እርሻና በወፍጮ ቤት ሞተር የሚያጠፋ፣ የቦይ በር የሚዘጋ ሰው በስሙ ተለይቶ ይታወቅ። ሀብት ያለው ባለእርሻ ሞተሩ በማስጠንቀቂያው ራሱ እንዲጠፋ ሊያሰናዳ ይችላል።

አራተኛውና ዋናው፣ የቤት አሠራር ነው። ያለ ማሰሪያ የተካበ የድንጋይ ግድግዳ በመናወጥ ጊዜ ፈጥኖ ይናዳል። ግድግዳው በእንጨት አግዳሚ ይታሰር፤ ጣራው ይቅለል፤ ቤትም ሆነ ጎተራ ከገደል ሥር አይሠራ። ወረዳው የሚያሠራቸው ትምህርት ቤቶችና የእህል ማከማቻዎች በዚህ ረገድ ለባላገሩ ምሳሌ ሊሆኑ ይገባል።

መሣሪያው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከነዚህ ከአራቱ ግን አብዛኛው የሚጠይቀው የሹሙን ትጋት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ ምድር ጸጥ ባለችበት በዛሬው ቀን እያንዳንዱ ሹም በወረዳው ማን እንደሚደውል፣ ማን ሞተር እንደሚያጠፋ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚታሰር ለይቶ በጽሑፍ ያኑር።