የክፉ ቀን ጥሪታችንን ስለምታወጡበት መንገድ

ለሜሪላንድ ሴኔት የበጀትና የታክስ ኮሚቴ፣ እንዲሁም ለተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ድልድል ኮሚቴ አባላት



እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ የፌደራል መንግሥት ተዘግቶ የኖቬምበር ፉድ ስታምፕ ሊቀር ሲል፣ አገረ ገዥ ዌስ ሙር የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው ከግዛቱ ካዝና 62 ሚሊዮን ዶላር አወጡ። እዚህ ገንዘቡ ካርድ ላይ የሚገባው ከወሩ 4ኛ ቀን እስከ 23ኛው፣ በአባት ስም ፊደል ተራ ነው። ተራው ቀድሞ የሚደርሳት እናት ሱቅ ገብታ፣ ወተቱንና እንቁላሉን ባንኮኒው ላይ ደርድራ፣ ካርዷ ባዶ ነው እንዳትባል መንግሥታችን እጁን ዘረጋ። ስለዚያ አመሰግናለሁ። የክፉ ቀን ገንዘብ የሚቀመጠውም ለእንደዚያ ያለ ቀን ነው።

ያ መቋረጥ ግን ጊዜያዊ ነበር፤ መንግሥት ከ43 ቀን በኋላ ተከፈተ። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌደራል ሕግ በፉድ ስታምፕና በሜዲኬይድ ላይ ያመጣው ቅነሳ ግን ቋሚ ነው። የምቃወመው ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያየውን አሠራር ነው። ጉድለት በመጣ ቁጥር ከአንዱ ፈንድ ወደ ሌላው እያዛወሩ ዓመቱን መሻገር፣ የሚቀጥለውን ጉድለት ደግሞ ለሚቀጥለው ጃንዋሪ ማሳደር። ዝናብ የቀረበት ገበሬ ጎተራውን ከፍቶ ክረምቱን ይጠብቃል። መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ግን ጎተራውን እየበላ ቢጠብቅ የሚጠብቀው ምርት የለም።

ቁጥሩን አብረን እንየው። 62 ሚሊዮኑ የአንድ ወር ፉድ ስታምፕ ግማሽ ያህል ነው። በዚያ ስሌት ዓመቱ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የ2026 በጀት ሲጸድቅ በክፉ ቀን መጠባበቂያው ውስጥ ይቀራል የተባለው 2.1 ቢሊዮን ገደማ ነበር። አንድ ፕሮግራም ብቻውን በአንድ ዓመት ተኩል ይጨርሰዋል ማለት ነው፤ ሜዲኬይድን ገና አልነካሁም።

ታዲያ አትንኩት ማለቴ አይደለም። የብድር ደረጃ አውጪው ድርጅት ሙዲስ በሜይ 2025 የሜሪላንድን የብድር ደረጃ ከከፍተኛው አንድ እርከን ዝቅ ስላደረገ፣ ገንዘቡን ቆልፈን እንቀመጥ የሚሉ አሉ። ሰው ሐኪም አጥቶ እያየን ካዝና መጠበቅ ለእኔ ቁጠባ አይደለም። የምለው አንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለዓመታት የሚያገለግል ሥራ ላይ ይዋል ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሞልቷል። አዲሱ ሕግ ከ2028 የፌደራል በጀት ዓመት ጀምሮ የፉድ ስታምፕን ወጪ በከፊል በግዛቶች ላይ ይጭናል፤ መጠኑ የሚወሰነው በክፍያ ስህተት ነው። ስህተቷ ከ6 በመቶ በታች የሆነ ግዛት ምንም አትከፍልም። 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነች 15 በመቶውን ትሸከማለች። የሜሪላንድ ስህተት በ2024 ከ10 በመቶ በላይ ነበር። እዚያው ከቆየን፣ በላይኛው ስሌት ከ220 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ዕዳ በየዓመቱ ይጠብቀናል። ስህተት ስንል በአብዛኛው ሌብነት አይደለም፤ ደመወዟ በወር ውስጥ የተለዋወጠባት ሴት ሂሳብ ሳይታደስ መቅረቱ፣ ፋይል የበዛበት ሠራተኛ አንዱን ወረቀት ማለፉ ነው። በሶሻል ሰርቪስ ቢሮዎች ሰው ጨምሩ፣ አሠልጥኑ፣ ኮምፒውተሩን አድሱ። የመጠባበቂያው ገንዘብ እዚህ ቢወጣ በየዓመቱ የሚመጣውን ዕዳ ያቃልላል።

ሜዲኬይድም እንዲሁ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በሜዲኬይድ ማስፋፊያው የገቡ አዋቂዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ማሳየት፣ ብቁነታቸውንም በየ6 ወሩ ማሳደስ ይኖርባቸዋል። አማርኛ ተናጋሪውን የእኛን ሰው አስቡት። ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያድራል፤ ከ80 ሰዓት እጥፍ በላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ቼክ ስተብ የሚሰጠው አሠሪ የለውም። ያለው ስልኩ ላይ የተመዘገበ የጉዞ ሂሳብ ነው፤ እሱንም አውርዶ የሚልክበትን ቦታ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። መድኑን የሚያጣው ሥራ ስለሌለው ሳይሆን ወረቀቱ ስላልደረሰ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሕክምና ፌደራሉ ከአንድ ዶላር 90 ሳንቲሙን ይከፍላል። እሱ ሲወጣ 90 ሳንቲሙም ከሜሪላንድ ይወጣል፤ በሽታው ግን ድንገተኛ ክፍል ይጠብቀናል። በሲልቨር ስፕሪንግ ስልክ አንሥቶ በአማርኛ የሚያስረዳ፣ ሰነድ ስካን አድርጎ የሚልክ ሠራተኛ መቅጠር ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

በዚህ መንገድ የማይፈታም አለ። ሕጉ ግሪን ካርድ ያልደረሳቸውን ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከሜዲኬይድም ያስወጣቸዋል። ከመካከላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ፤ አሜሪካ ራሷ በሕግ የተቀበለቻቸው ናቸው። እነሱን ከመጠባበቂያው በተዛወረ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ደግፎ ከዚያ መተው ጭካኔ ነው። ሜሪላንድ ልትይዛቸው ከወሰነች፣ እኔም እንድትይዛቸው እለምናለሁ፣ ወጪው በመደበኛው በጀት፣ ከየትኛው ታክስ እንደሚመጣ ተጽፎ ይግባ። የእኔም ታክስ ቢጨምር እከፍላለሁ።

የግዛታችን ሕግ መጠባበቂያውን ከጠቅላላ ፈንዱ ገቢ ግምት 5 በመቶ በታች የሚያወርድ ዝውውር ከበጀት ሕጉ በተለየ ሕግ እንዲፈቀድ ያዛል። ከዚያ በላይ ያለው ግን በወፍራሙ የበጀት ሰነድ ውስጥ በአንድ መስመር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ከመጠባበቂያው ለምታወጡት ለእያንዳንዱ ዶላር ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚሸፍነው ጉድለት ጊዜያዊ ይሁን ቋሚ፣ ዝውውሩ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ። ይህም በጀቱ መጽደቅ ካለበት ከ83ኛው የጉባኤ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰው አይቶ አናፖሊስ ድረስ መጥቶ ለመናገር ጊዜ በሚያገኝበት ሰዓት ይውጣ፤ በአማርኛም ጭምር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ